የሐሙስ ክፍለ ጊዜ

የዚያ ዓመት ብርድ በኅዳር ገብቶ እስከ መጋቢት አልወጣም። በቻይና፣ ከትልቁ ወንዝ በደቡብ በኩል ያሉ ቤቶች የመንግሥት ማሞቂያ አልተዘረጋላቸውም፤ ሰው ካፖርቱን እንደለበሰ ይበላል፣ እንደለበሰ ይተኛል። የአንድ የግል ትምህርት ቤት ባለቤት ሌላ ሥራው ሕንፃ መሥራት ነበር፤ በዚያ ዓመት ሕንፃዎቹ ገዢ አጡ። በታኅሣሥ ደመወዝ ዘገየ። ለገና ወደየአገራቸው ከሄዱት የውጭ አገር መምህራን ዘጠኙ አልተመለሱም። ከመምህራን ምሳ መጀመሪያ ሥጋው ቀረ፣ ቀጥሎ ፍራፍሬው ቀረ። በየክፍሉ ከነበሩት ሁለት የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች የፊተኛው ተነቅሎ ሄደ፤ ተበላሸ አሉ፣ ተሸጠም አሉ። የኋለኛው ብቻ ቀረ። በጨረቃ ከሚቆጠረው የአገሩ አዲስ ዓመት በኋላ ደግሞ ተማሪ መቅረት ጀመረ። በየሳምንቱ አንድ ወንበር ባዶ ይሆናል፤ የጽዳት ሠራተኞቹ ወንበሩን አንሥተው ወደ መጋዘን ያወርዱታል፣ ክፍሉ የሞላ እንዲመስልም የቀሩትን ያራርቋቸዋል።

ሁለተኛ ክፍልን ያስተምር የነበረው ካናዳዊ ካልተመለሱት አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክፍሉን የያዘችው ረዳቱ ኔሪሳ ናት። ኔሪሳ ከፊሊፒንስ የመጣች ሴት ናት፤ በአገሯ ብዙ ዓመት አስተምራለች፣ እዚህ ዠንጂያንግ ከተማ ደግሞ ስድስተኛ ዓመቷ ነው። በውሏ ላይ ግን «ረዳት» ይላል፤ «መምህር» ተብሎ ለመጻፍ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ከሆነበት አገር የመጣ ሰው መሆን ያስፈልጋል። ካናዳዊው መሄዱ ለወላጆች አልተነገረም። ኔሪሳም አንሥታ አልተናገረችም፤ ማስተማሯን ቀጠለች። ጠዋት ጠዋት የልጆቹ ጣት እርሳስ አልይዝ ሲል አንድ ልማድ አወጣች። እሷ ከክፍሉ ኋላ ማሞቂያው አጠገብ ትቆማለች። የክፍሉ አለቃ፣ ዩቶንግ የምትባል ድምፀ ቀጭን ልጅ፣ «ተነሡ» ስትል ሁሉም ተነሥተው ፊታቸውን ወደ ኋላ ያዞራሉ፤ እጃቸውን ወደ ሙቀቱ ዘርግተው «ደህና አደሩ፣ ሚስ ኔሪሳ» ይላሉ። ጉንጫቸው ቀላ እስኪል ትጠብቅና ወደ ፊት ታልፋለች። ትምህርት የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

በመጋቢት አጋማሽ፣ አንድ ረቡዕ፣ ትምህርት ቤቱ ለወላጆች ክፍት የሚሆንበት ቀን ደረሰ። በየዓመቱ በዚያ ቀን ወላጆች ክፍል ገብተው አንድ ትምህርት ያያሉ፤ ያዩትን ከወደዱ ልጃቸውን ለመጪው ዓመት ያስመዘግባሉ። ልጆቹ ትምህርቱን ለሳምንታት ይለማመዱታል። ማን እጁን እንደሚያወጣ፣ ማን ምን ብሎ እንደሚመልስ የታወቀ ነው። ኔሪሳ የመረጠችው የባቄላ ዘር እንዴት እንደሚበቅል ነበር። ልጆቹ እያንዳንዳቸው በብርጭቆ ውስጥ እርጥብ ጥጥ አድርገው ባቄላ አኑረዋል፤ መጀመሪያ በመስኮቱ ደፍ ላይ ነበሩ፣ በብርዱ አልበቅል ሲሉ እሷ ወደ ማሞቂያው አዛወረቻቸው።

የዚያን ዕለት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣች። ትምህርት ቤቱ የሰጣት ቤት ስድስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍልና አንድ ጠባብ ኩሽና ነው። የመኝታው ግድግዳ ወደ ሰሜን ስለሚያይ እርጥበት ሠርቶበታል፤ እሷ ካርቶን ለጥፋበት ልጇ በካርቶኑ ላይ ዓሣ ሥላለች። ልጇ ሊዋይ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እዚያው ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ትማራለች። የመምህራን ልጆች አይከፍሉም፤ ለሌላው ሰው የዓመቱ ክፍያ ከኔሪሳ የዓመት ደመወዝ ይበልጣል። ባሏ መርከበኛ ነው። ወደብ ሲደርስ ይደውላል፣ ስለ አየሩ ይጠያየቃሉ፣ ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ዝም እንዳሉ ስልኩ እስኪቋረጥ ይቆያሉ። ያን ጠዋት ሊዋይ ብርድ ልብሱን ሳትጥል ከሥሩ ሆና ልብሷን ለበሰች።

«ናናይ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ ሊያይሽ ነው?» አለች፤ እናቷን በአገራቸው ቋንቋ የምትጠራት እንዲህ ነው።

«ባቄላውን ነው የሚያዩት።»

«ቀዩን ሹራብ ልበሺያ። በዚህ በግራጫው የጽዳት ሠራተኛ ትመስያለሽ።»

«የጽዳት ሠራተኞቹ ምን አደረጉሽ?»

«ምንም። እነሱም ግን ይሄንኑ ነው የሚለብሱት።»

ቀዩን ለበሰች። ሊዋይ ጫማዋን ስታጠልቅ ፊቷ ጭምድድ ሲል እናቷ አየች፤ ጫማው እንደጠበባት ከገና ጀምሮ ታውቃለች። ከደጅ ካለችው ሴት እያንዳንዱን በሁለት ዩዋን ሁለት በእንፋሎት የበሰለ ዳቦ ገዙ፤ ባለፈው ዓመት አንድ ተኩል ነበር። በኤሌክትሪክ ብስክሌቱ ላይ ሊዋይ ከኋላ ሆና ዳቦዋን በእናቷ ጀርባ ከነፋስ ከልላ በላች። ከኮምጣጤ ፋብሪካው የሚመጣው ሽታ መንገዱን ሞልቶታል። የከተማው ሰው አይሸተውም፤ ኔሪሳም ከሁለተኛው ዓመት ወዲህ አይሸታትም።

ትምህርት ቤት እንደደረሰች ለልጆቹ የሚቆረጡትን ሥዕሎች ልታባዛ ወደ ማባዣ ክፍሉ ገባች። ማባዣ ክፍሉንና የምክትል ርእሰ መምህርቷን ቢሮ የሚለየው ስስ ጣውላ ነው። ምክትሏ ወይዘሮ ሩዋን ይባላሉ፤ የወላጆች ጉዳይ በሙሉ በእሳቸው እጅ ነው። ማሽኑ ወረቀት ሲጨርስ ድምፁ ጠፋ፣ ከጣውላው ማዶ ያለው ድምፅም ተሰማ።

«አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሚስተር ኬልሶ። ይቁሙ፣ ፈገግ ይበሉ። ልጆቹ ሁሉን ያውቁታል።»

«ትምህርቱ የኔሪሳ ነው» አለ ሚስተር ኬልሶ።

«ሚስ ኔሪሳ ከኋላ ሆና ሙጫ ታድላለች። ወላጅ የከፈለው የውጭ አገር መምህር ሊያይ ነው።»

«እሷስ የዚህ አገር ሰው ናት?»

«የምለው ይገባዎታል።» ወይዘሮ ሩዋን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ በጣውላው ግን ያልፋል። «ዛሬ የሚበቃንን ያህል ሰው ከተመዘገበ በመስከረም አንድ ደህና ፊት ያለው ሰው እቀጥራለሁ። የእሷ ውል በሰኔ ያበቃል፣ አናድስላትም። አሁን አይንገሯት፤ ዛሬ እንድታኮርፍብኝ አልፈልግም። የእርስዎን የሥራ ፈቃድ ማሳደሻ ማመልከቻ ደግሞ ከሰዓት በኋላ እልከዋለሁ። ስድሳ ለሞላው ሰው ትምህርት ቤት ካልጻፈለት ማን ይጽፍለታል?»

ኔሪሳ የወረቀቱን ጥቅል እንደያዘች ቆመች። መልሱን ጠበቀች። ከማዶ ወንበር ተንቋቋ፣ ሰውየው ተነሣ መሰለ።

«ስንት ሰዓት ነው የሚጀመረው?» አለ ኬልሶ።

ኬልሶ ስኮትላንዳዊ ነው፤ ለላይኞቹ ክፍሎች ሒሳብ ያስተምራል። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቡና ቀለም ካፖርት የሚለብስ ሰው ነው። ከአራት ዓመት በፊት ሚስቱ ሞራግ ታማ በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት ናንጂንግ ከተማ ድረስ ለሕክምና ትሄድ ነበር። ፈቃድ ቢጠይቅ ሌላ ሰው ሊተኩበት ሆነ። ያኔ ኔሪሳ የሐሙስን የመጨረሻ ክፍለ ጊዜውን ሸፈነችለት። ከጥር እስከ ግንቦት፣ ለማንም ሳይነገር፣ ዕረፍቷን ትታ ዘጠነኛ ክፍል ትገባ ነበር። ሒሳብ አትወድም፤ እሱ የጻፈላትን ጥያቄ ታድላለች፣ ትቆማለች። አንድ ጊዜ ቢሮው ሲጠይቃት «ሚስተር ኬልሶ ሽንት ቤት ናቸው» አለች። ሞራግ በግንቦት ሞተች። አመዷን ከከተማው በስተደቡብ ባለው ኮረብታ ላይ ከአንድ ድንጋይ ሥር አኖሩት። ከዚያ በኋላ ኬልሶ አገሩ አልገባም። ኔሪሳን ኮሪደር ላይ ባገኛት ቁጥር «ሐሙስሽ አለብኝ» ይላት ነበር። እሷም «ሐሙሴስ?» ትለዋለች፤ «በመንገድ ላይ ነው» ይላል። ለረጅም ጊዜ ተሳሳቁበት። ከዚያ እንደማንኛውም ቀልድ አለቀ።

ከቢሮው ሲወጣ ማባዣ ክፍሉ በር ላይ አያት። ወረቀቱን ደረቷ ላይ አቅፋለች፤ ገና ከማሽኑ የወጣ ስለሆነ ይሞቃል። እንደሰማች አወቀ፤ እንዳወቀም እሷ አየች። እንዲያልፍ መንገድ ለቀቀችለት፣ አለፈ። የካፖርቱ አንድ ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል። ራሱ የሰፋው መሆን አለበት ብላ አሰበች፤ እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ሰዓት ማሰቧ ራሷን አናደዳት።

ክፍል ገብታ ሥራዋን ሠራች። ልትተው ትችል ነበር። ባቄላዎቹን ቆልፋ መሄድ፣ ወይም ለልጆቹ ምንም ሳትነግር ሰውየው ፊታቸው ቆሞ እንዲንተባተብ ማድረግ ትችል ነበር። ስለ ሊዋይ አሰበች። ከሰኔ በኋላ ልጅቷ የት ትማራለች? በሰፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት የውጭ አገር ልጅ ለማስገባት የሚጠይቁትን ወረቀት አታሟላም። ወደ አገሯ ብትመልሳት ከባሏ እናት ዘንድ ነው፤ ባሏም ያን ሐሳብ ደጋግሞ አንሥቶታል፣ እሷም ደጋግማ ዝም ብላለች። ብርጭቆዎቹን በሠልፍ ደረደረች። መቀሶቹን ቆጠረች። ከብርጭቆዎቹ የአንዱ ባቄላ ጠቁሮ በስብሶ ነበር፤ የዜካይ ነው፣ የዚያ ዝምተኛ ልጅ። በሌላ ልትቀይርለት መለዋወጫ ይዛ ነበር። እጇ ላይ ትንሽ አቆየችውና ወደ ኪሷ መለሰችው። ልጁ ብርጭቆውን በየቀኑ ያየዋል፤ ያውቀዋል።

ወይዘሮ ሩዋን ገቡ። ጥቁር ልብስ ለብሰው ደረታቸው ላይ የወርቅ ቅጠል ሰክተዋል፤ ዓይናቸው ግን ያልተኛ ሰው ዓይን ነበር። ስልካቸው በእጃቸው ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ አያነሡትም።

«ሚስ ኔሪሳ፣ ትንሽ ለውጥ አለ። ሚስተር ኬልሶ ከፊት ይሆናሉ። አንቺ እዚያ ጥግ ሁነሽ ሙጫውን ያዢ።»

«እሺ።»

«ምነው? ቅር አለሽ?»

«ሙጫው ሁለት ዓይነት ነው» አለች ኔሪሳ። «የትኛውን ልያዝ?»

ወይዘሮ ሩዋን ትንሽ አዩዋትና ወደ ልጆቹ ዞሩ። «ልጆች፣ ዛሬ መምህራችሁ ሚስተር ኬልሶ ናቸው። ምን ትሏቸዋላችሁ?» ልጆቹ እንደተቀመጡ «ደህና አደሩ፣ ሚስተር ኬልሶ» አሉ። ሴትየዋ ደጋግመው አስባሏቸው፣ ረኩና ወጡ። ልጆቹ ወደ ኔሪሳ ዞር ዞር እያሉ አዩ። ዩቶንግ እጇን አወጣች።

«ሚስ ኔሪሳ፣ አሞዎታል?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ለምን?»

«ፊትሽን አዙሪ፣ እንግዳ እየመጣ ነው።»

ወላጆቹ ሦስት ሰዓት ላይ ገቡ። ለእነሱ የተዘጋጁት ወንበሮች በሁለቱ ግድግዳዎች ሥር ተደርድረዋል። ካፖርታቸውን ያወለቀ የለም። ብዙዎቹ አባቶች ናቸው፤ በሌላው ቀን ልጆቹን የሚያመላልሱት አያቶችና ሠራተኞች ስለሆኑ ኔሪሳ ፊታቸውን አታውቀውም። ከምታውቃቸው የዩቶንግ አያት አለች፤ በየቀኑ በር ላይ የምትቆም፣ የተጠለፈ ኮፍያ የማይለያት አሮጊት ናት። ገብታ ስትቀመጥ ለኔሪሳ ራሷን ነቀነቀች። ቀጥሎ ኬልሶ ገባ። ክራባት አስሯል። ሰሌዳው ፊት ሲቆም ከወላጆቹ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣው፤ ሌሎቹም አወጡ። ወይዘሮ ሩዋን በሩ አጠገብ ቆመው ፈገግ አሉ። ኔሪሳ የሙጫውን ሣህን ይዛ ከኋላ፣ ከማሞቂያው አጠገብ ቆመች። የታዘዘችው ጥግ እሱ ነበር።

ወይዘሮ ሩዋን ለዩቶንግ ምልክት ሰጧት።

«ተነሡ» አለች ዩቶንግ።

ሁሉም ተነሡ። ወንበሮቹ ተንቋቁ። ከዚያም፣ በየጠዋቱ እንደሚያደርጉት፣ ሃያ ምናምን ልጆች ጀርባቸውን ለሰሌዳው ሰጥተው ወደ ኋላ ዞሩ። እጃቸውን ወደ ማሞቂያው ዘረጉ።

«ደህና አደሩ፣ ሚስ ኔሪሳ።»

ፎቶ ያነሡ የነበሩት ስልካቸውን ዝቅ አደረጉ። ያን ልማድ ያወጣችው ራሷ ኔሪሳ ሆና ሳለ በዚያ ጠዋት ትዝ አላላትም ነበር። ልጆቹ እንደሁልጊዜው መልሷን ይጠብቃሉ፤ እሷ ካልመለሰች አይቀመጡም። ከልጆቹ ራስ በላይ፣ በሌላው ጫፍ፣ ኬልሶ ብቻውን ቆሟል። ፊቱ ያለው የልጆች ጀርባ ብቻ ነው።

«ልጆች» አሉ ወይዘሮ ሩዋን፤ ፈገግታቸው አልጠፋም። «ወደ ፊት። ወደ ፊት ዙሩ።»

ግማሾቹ ዞሩ። ግማሾቹ ኔሪሳን እያዩ ቀሩ። ዩቶንግ የምታደርገው ጠፋት። አንድ አባት ጎኑ ላለው ሰው «መምህሩ የትኛው ነው?» አለ፤ ቀስ ብሎ ነበር ያለው፣ ግን ሁሉም ሰማው። ወይዘሮ ሩዋን ወደ ኬልሶ አዩ። አሁን የሚፈለገው እሱ አንድ ነገር እንዲል ነበር፤ ቢስቅ፣ ልጆቹን በእጁ ቢጠራቸው ነገሩ ያልፋል። ኬልሶ ክራባቱን ነካ አደረገ። ወለሉን አየ።

ከዚያ በከተማው ሰዎች ቋንቋ፣ በዚያ በማይቃና አነጋገሩ፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። «እኔ ሒሳብ ነው የማስተምረው፣ ትልልቆቹን። የዚህ ክፍል መምህርት እዚያ የቆመችው ናት። ካናዳዊው ከታኅሣሥ ጀምሮ የለም። በእኛ ሥራ መምህር ካልገባ ሌላው ይሸፍናል። እኔ እስክትገባ ነበር የቆምኩት። አሁን ገብታለች።»

በወንበሮቹ መሐል አልፎ መጣ። መንገዱ ጠባብ ስለነበር ካፖርቱ የልጆቹን ብርጭቆ እንዳይመታ በእጁ ሰብስቦታል። ሣህኑን ከእጇ ወሰደ።

«ሂጂ» አለ።

ኔሪሳ ደስ አላላትም፤ ፈራች። በሩ አጠገብ ያሉትን ሴትዮ ላለማየት ዓይኗን ከሰሌዳው ሳትነቅል ሄደች። ስትደርስ ወደ ልጆቹ ዞራ፣ «ደህና አደራችሁ፣ ተቀመጡ» አለች። ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ቀስ ብላ፣ ሁለተኛውን እንደሁልጊዜዋ ጠየቀች። ልጆቹ እንደተለማመዱት መለሱ፤ እንግሊዝኛቸው ጥርት ያለ ነበር። እያንዳንዱ ብርጭቆውን አንሥቶ «የእኔ ሥር አወጣ»፣ «የእኔ ሁለት ቅጠል አለው» አለ። የዜካይ ተራ ሲደርስ ልጁ ዝም አለ። አባቱ ከግድግዳው ሥር ወደ ፊት ዘንበል አለ።

«የእኔ ሞተ» አለ ዜካይ።

በልምምዱ ላይ እንዲህ የሚል አልነበረም። ኔሪሳ ሄዳ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ለምን ይመስልሃል?»

ልጁ ብርጭቆውን እያየ ረጅም ጊዜ አሰበ። «ውሃ አበዛሁበት» አለ በእንግሊዝኛ። «ቶሎ እንዲያድግ ፈልጌ። በየቀኑ፣ በየቀኑ። አልተነፈሰም።» ከዚያ በፊት በሰው ፊት ያን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ኔሪሳ ብርጭቆውን ተቀብላ ሁሉም እንዲያየው ከፍ አደረገችው። ወደ ኪሷ ገብታ ያን መለዋወጫ አወጣችና መዳፉ ላይ አኖረችለት። ከኋላ ኬልሶ በሕፃን ወንበር ላይ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ ተቀምጦ ሙጫ ያድላል። አንዲት ልጅ «ሚስተር፣ አበዙት፣ ወረቀቱ ራሰ» ስትለው ይሰማል። «ይቅርታ» አላት፤ ጣቱን በክራባቱ ጠረገ።

ትምህርቱ ሲያልቅ ወላጆቹ ወዲያው አልወጡም። ከእነሱ አንዱ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ወፍራም ሰው፣ ወይዘሮ ሩዋንን ያዛቸው። «እኛ የተነገረን ካናዳዊ ነው» አለ። «ፎቶውን አሳይታችሁናል። የከፈልነው ለእሱ ነው።»

«ፎቶውን በልተህ ጥገብ» አለች የዩቶንግ አያት ከወንበሯ ሳትነሣ። «ካናዳዊውን ከታኅሣሥ ወዲህ ያየ አለ? እኔ በዝናብም በበረዶም በር ላይ የምቆም ሴት ነኝ። ልጆቹን አንገታቸውን ጠቅልላ የምታስወጣው እሷ ናት። አንተን ግን ዛሬ ገና አየሁህ።»

«እማማ፣ እኔ ሥራ አለብኝ።»

«ማን የለብህም አለ? ልጅህ ሲናገር አልሰማህም?»

ሰውየው የዜካይ አባት ነበር። ልጁን አየ። ልጁ የሞተውን ባቄላ ከጥጡ ውስጥ እያወጣ አዲሱን ይተክላል። «ሰማሁ» አለ አባቱ። ሁለት ወላጆች ሳይመዘገቡ ወጡ፤ አንደኛው ትምህርት ቤቱ አታለለን እያለ በስልክ ይጮህ ነበር። ሌሎቹ ታች ወርደው ተሰለፉ።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ሩዋን ኔሪሳን አስጠሩ። ቢሮው ከክፍሎቹ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ሴትየዋ እግራቸውን በሙቅ ውሃ ከረጢት ላይ አሳርፈዋል። ስልካቸው አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«አንቺ ነሽ እንዲህ አድርግ ያልሽው?»

«አይደለሁም።»

«እኔም አልመሰለኝም። ልጆቹንስ?»

«ብርድ ነው ያስለመዳቸው።»

ወይዘሮ ሩዋን እግራቸውን ከከረጢቱ ላይ አነሡ። «ከወላጆቹ ብዙዎቹ ተመዘገቡ» አሉ። «አንቺ እንድትቆዪላቸው ይፈልጋሉ። ያቺ አሮጊት አፍ አላት፣ ሁሉንም አናገረቻቸው። የትምህርት ቤቱን ባለቤት ምን እንደምለው እኔ አውቃለሁ።» አዲስ ውል ገፉላት። ለሌላ ሁለት ዓመት ነው። ኔሪሳ አነበበችው። ያው ደመወዝ፣ ያው ቤት፣ የልጅ ትምህርት በነፃ።

«አሁንም ረዳት ይላል።»

«ሌላ ሊል አይችልም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።»

ፈረመች። ብዕሩን ስታስቀምጥ፣ «የሚስተር ኬልሶ ማመልከቻስ?» አለች።

ወይዘሮ ሩዋን ወረቀቱን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት፣ መሳቢያውን ቆለፉ። መስኮቱን አዩ። «ሻይ ትጠጫለሽ?» አሉ።

«አመሰግናለሁ፣ ልጄ ትጠብቀኛለች።»

ኬልሶን ያገኘችው ብስክሌት ማቆሚያው ጋ ነበር። ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ከጣሪያው ሥር ቆሟል፤ የሚጠብቅ ሰው ይመስል ነበር፣ ግን ሲያያት አልተንቀሳቀሰም። ሊዋይ ቀድማ ወጥታ ከበሩ አጠገብ ስኳር ድንች ከሚጠብሰው ሽማግሌ አንዱን ገዝታ ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጠች ትሞቅበታለች። ኔሪሳ የብስክሌቱን ቁልፍ ልትፈታ ጎንበስ አለች። ቀዝቃዛ ብረት ስለሆነ ቁልፉ እምቢ አለ። እሱ ተቀብሎ ከፈተላት።

«ፈረምሽ?»

«ፈረምኩ።»

«ጥሩ።»

«እርስዎስ?»

«ፈቃዴ እስከ ሰኔ ነው።» ቁልፉን መለሰላት። «እህቴ አገር ቤት፣ ፐርዝ ከተማ፣ አንድ ክፍል አላት። ማሞቂያ አለው ብላለች።»

የአገሩ ሰው የሙታኑን መቃብር የሚጠርግበት በዓል ሊደርስ ሳምንታት ነበር የቀሩት። በየዓመቱ ያን ቀን ባልዲና መጥረጊያ ይዞ በአውቶቡስ ወደ ኮረብታው፣ ወደ ሞራግ ድንጋይ እንደሚወጣ ኔሪሳ ታውቃለች። ከሰኔ በኋላ ማን እንደሚወጣ ልትጠይቀው ፈለገች፣ ፈራች፣ ጠየቀች።

«ድንጋዩስ?»

«ድንጋይ የትም አይሄድም» አለ ኬልሶ። «የምሄደው እኔ ነኝ።»

ሊዋይ ስኳር ድንቹን ገምሳ መጣች። ትልቁን ግማሽ ለእናቷ ዘረጋች፤ ኔሪሳ በዓይኗ አመለከተቻት፣ ልጅቷም ወደ ሰውየው አዞረችው። ኬልሶ ጓንቱን አውልቆ ተቀበለ። ጣቱ ላይ ሙጫው ደርቆ ነጭ ሆኗል። ቆመው በሉ። እንፋሎቱ ከሦስቱም አፍ ይወጣ ነበር። ከበሩ ውጭ የመጨረሻው የተማሪዎች አውቶቡስ መብራቱን አብርቶ ሄደ።

ኔሪሳ ብስክሌቱ ላይ ወጣች፣ ልጇን ከኋላ አስቀመጠች። ለመሄድ እግሯን ካነሣች በኋላ መልሳ መሬት ላይ አኖረችው።

«ሐሙሴስ?» አለች።

ይህን ካለችው ሁለት ዓመት ይሆናል። ኬልሶ የስኳር ድንቹን ልጣጭ በእጁ እንደያዘ አያት።

«ዛሬ ረቡዕ ነው» አለ።

«ይሁን» አለች ኔሪሳ። «ተቀብያለሁ።»